ጀርባሽ ውስጥ ያለው ብረት የት ላይ ያበቃል?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የ27 ዓመት ሴት ነኝ። በ16 ዓመቴ ለጀርባ መጣመም ጋና ተልኬ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። ጀርባዬ ውስጥ ሁለት ረጃጅም ብረቶችና ብዙ ብሎኖች አሉ። አሁን የ14 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክትትል ስጀምር ያየችኝ ባለሙያ ‹አንቺ በኦፕራሲዮን እንጂ በምጥ አትወልጂም› አለችኝ። ሌላ ሰው ደግሞ ብረት ስላለብሽ የወገብ መርፌ አይሰጥሽም አለኝ። አማቴ ብረቱ ልጁን ይጫነዋል ብለው እንቅልፍ አጥተዋል። በሰላም መውለድ እችላለሁ? ልጄስ እንደ እኔ ይሆናል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እንኳን ደስ ያለሽ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ያስፈራሩሽ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ደስታሽን የተካፈለ ግን አላየሁበትም። ስለዚህ ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ዝርዝሩን ከዚያ በኋላ ተረጋግተሽ ታነቢዋለሽ። ብረቱ ብቻውን በምጥ እንዳትወልጂ የሚያግድ ምክንያት አይደለም። ልጅሽንም አይጫነውም። ከ11 ዓመት በፊት የተሠራ ጀርባ በእርግዝና ክብደት ይፈታል ብለሽ አትስጊ። የወገብ መርፌው ነገር ግን ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ያለውም ከጋና ይዘሽው በመጣሽው ወረቀትና ራጅ ላይ ነው። ብረቱ የት ላይ ያበቃል? ሐኪሞችሽ ሁሉ ሊያውቁት የሚገባው ነገር ይህ ነው።

ስኮሊዮሲስ የምንለው አከርካሪ ወደ ጎን ሲጣመም ብቻ አይደለም፤ እየተጠማዘዘ ጭምር ነው የሚጣመመው። አንዱ ትከሻ ከፍ የሚለው፣ በአንድ በኩል ያለው ጎድን ወደ ኋላ ጎበጥ የሚለው በዚያ ምክንያት ነው። ራጅ ላይ ሲለካ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ስሙ ይሰጠዋል፤ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። በጉርምስና ዕድሜ ከመቶ ልጆች በሁለት ሦስቱ ላይ ይታያል፤ እየከፋ ለቀዶ ሕክምና የሚደርሰው ግን በሴቶች ልጆች ላይ ይበዛል። ስለዚህ የአንቺ ጉዳይ ለሕክምናው ዓለም እንግዳ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ፖል ሃሪንግተን ጀርባን በብረት ዘንግ የማቃናት ዘዴውን በጽሑፍ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር። በዚያ ዘመን የታከሙት ልጃገረዶች ዛሬ የአያትነት ዕድሜ ላይ ናቸው። በእኛም አገር በአሜሪካዊው ሐኪም በዶክተር ሪክ ሆድስ አማካይነት ከአዲስ አበባ ወደ ጋና ተልከው፣ በጋናዊው የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም በዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይ እጅ የታከሙ ብዙ ወጣቶች አሉ። ከእነርሱ መካከል ሴቶቹ አሁን የማርገዣ ዕድሜያቸው ላይ ደርሰዋል። የአንቺ ዓይነት ጥያቄ ወደፊት እየበዛ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም፤ ሰፋ አድርጌ የምመልሰውም ለዚህ ነው።

ሐኪሞቹ ያኔ ምን እንዳደረጉልሽ ልግለጽልሽ። እናንተ ሰፈር ግንባታ አያቋርጥምና ሶሌታ ሲሞላ ከሥር የሚደረደረውን ፑንቴሎ ሳታዪው አትቀሪም። ሶሌታው እስኪደርቅ ክብደቱን የሚሸከመው ፑንቴሎው ነው፤ ከደረቀ በኋላ ግን ቤቱ በራሱ ይቆማል። ብረቱም እንዲሁ ነው። የአከርካሪሽን አንጓዎች ካቃኑ በኋላ በመካከላቸው የአጥንት ፍርፋሪ አኑረዋል፤ ያ ፍርፋሪ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እየጠነከረ አንጓዎቹን አንድ ወጥ አጥንት ያደርጋቸዋል። ብረቱና ብሎኑ እስከዚያ ድረስ አጥብቀው ያዙት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይሞላ አታርግዙ ብለን የምንመክረውም ለዚሁ ነው። አንቺ 11 ዓመት ቆይተሻል። ጀርባሽን የተሸከመው ዛሬ የገዛ አጥንትሽ ነው።

ለአማትሽ ደግሞ ይህን አንብቢላቸው። እማማ፣ ብረቱ ያለው ከአከርካሪው በስተ ኋላ፣ በጀርባ ጡንቻ ሥር ነው። ማህፀን ያለው በፊት በኩል ነው። በመካከላቸው የአከርካሪው አጥንት ራሱ፣ ትላልቅ የደም ሥሮችና አንጀት አሉ። ልጁ የሚያድገው ወደ ፊትና ወደ ላይ ነው፤ ብረቱ የሚደርስበት መንገድ የለም። የልጅዎን ሚስት ከጎን የተነሣ ራጅ ቢያዩት በዓይንዎ ያረጋግጣሉ።

አሁን ወደ ምጡ ልምጣ። ልጅ የሚወለደው በዳሌ አጥንት ቀለበት በኩል ነው። በጉርምስና ለሚታየው ስኮሊዮሲስ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው በደረት አከርካሪና በላይኛው ወገብ ላይ ያተኩራል፤ ዳሌውን አይነካውም። ማህፀን የሚኮማተረው በራሱ ጡንቻ ነው። ስታምጪ የምትገፊው በሆድሽና በሳንባሽ ሥር ባለው ጡንቻ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ የጀርባ አንጓዎች መተጣጠፍ ድርሻው ትንሽ ነው። እንግዲህ በቀዶ ሕክምና እንድትወልጂ የሚያስገድዱሽ ምክንያቶች ሌላዋን ሴት የሚያስገድዷት ናቸው፦ ልጁ በመቀመጫው ወይም ተጋድሞ መምጣቱ፣ የእንግዴ ልጅ የማህፀን በር ላይ መቀመጡ፣ የልጁ የልብ ምት መውረዱ፣ ምጡ አልገፋ ማለቱ። ለየት ያለ ምርመራ የሚያስፈልጋቸው አሉ። ብረቱ እስከ ዳሌ አጥንት ድረስ የወረደላት፣ ዳሌዋ ራሱ የተዛባ፣ ከልደቷ ጀምሮ የአከርካሪ አፈጣጠር ችግር የነበረባት፣ ወይም በፖሊዮ ምክንያት የተጣመመባት ሴት ዳሌዋ ተለይቶ መታየት አለበት። ያም ቢሆን ከታየ በኋላ ነው የሚወሰነው።

ያየችሽ ባለሙያ ክፉ አስባ አይመስለኝም፤ ረጅም ጠባሳ ሲያዩ መጠንቀቅ ተፈጥሯዊ ነው። ነገር ግን ጥንቃቄው ወዴት እንደሚወስድሽ አስተውዪ። በአገራችን አብዛኛዋ ሴት ያለ ወገብ መርፌ ነው የምታምጠው። ውጭ አገር ያሉ ሴቶች ብረቱን በተመለከተ የሚጨነቁት በምጥ ጊዜ ለሕመም ማስታገሻ ስለሚሰጠው የወገብ መርፌ ነው፤ በእኛ ዘንድ መርፌው በዋናነት የሚመጣው ቀዶ ሕክምና ሲኖር ነው። ስለዚህ ለጀርባዋ ተብሎ በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ የተወሰነባት ሴት፣ ጀርባዋን ይበልጥ ወደሚያሳስበው መርፌ ተገፍታ ትሄዳለች ማለት ነው። በዚያ ላይ ማህፀን ላይ የቀረ ጠባሳ ቀጣዩን እርግዝና ይከተለዋል፤ የእንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ ተጣብቆ ደም የሚያፈስበት አጋጣሚ አለ። ምክንያት ከመጣ ቀዶ ሕክምና ነፍስ ያድናልና እንዳትፈሪው። ምክንያቱ ግን በስም ይጠራልሽ። «ብረት ስላለብሽ» የሚለውን እኔ እንደ በቂ ምክንያት አልቀበለውም።

ስለ መርፌው ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሴቶች የሚሳሳቱበት፣ አንዳንድ ጊዜ እኛም ባለሙያዎች የምንሳሳትበት ቦታ ይህ ነው።

ሕብለ ሰረሰር በአዋቂ ሰው ላይ የሚያበቃው በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አንጓ አካባቢ ነው። የሰመመን ባለሙያው መርፌውን የሚያስገባው ከዚያ በታች፣ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው አንጓ መካከል ነው። ቦታውን የሚያገኘው በእጁ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጦሽ ሁለቱን የዳሌሽን አጥንት ጫፎች በጣቶቹ ይይዛል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው መስመር አራተኛውን አንጓ ወይም አጠገቡ ያለውን ክፍተት ይቆርጣል። ከዚያ በአውራ ጣቱ አንጓዎቹን አንድ፣ ሁለት እያለ ይዳስሳል። ጤነኛ ጀርባ ላይ በአንጓዎቹ መካከል ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፤ የተያያዘ ጀርባ ላይ ግን ጣቱ የሚያገኘው ለስላሳ ጠባሳና ደረቅ ነገር ብቻ ነው።

ብረትሽ በደረት አከርካሪ ላይ ወይም በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አንጓ ላይ ካበቃ፣ መርፌው የሚገባበት ቦታ አልተነካም፤ በአብዛኛው እንደ ማንኛዋም ሴት ትወጊያለሽ። ሦስተኛው ላይ ካበቃ ከሥሩ ክፍተት አለ፤ ልምድ ያለው እጅና ትዕግሥት ይጠይቃል። አራተኛውና አምስተኛው ላይ ከደረሰ ይከብዳል፤ አንዳንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እየታየ ይሞከራል፣ ካልሆነ ሙሉ ሰመመን ይሰጣል። አንድ ልዩነት ልብ በዪ። ለቀዶ ሕክምና የሚሰጠው አንድ ጊዜ የሚወጋው መርፌ መድኃኒቱን በአከርካሪው ውስጥ ወዳለው ፈሳሽ ስለሚያስገባ፣ ቦታውን ካገኘ በአብዛኛው በደንብ ይሠራል። በቀጭን ቱቦ ቀስ እያለ የሚሰጠው ዓይነት ግን በድሮው ቀዶ ሕክምና ጠባሳ ምክንያት በአንድ ጎን ብቻ ሊያደነዝዝ ይችላል። በምጥ ጊዜ ማስታገሻ ከፈለግሽ በደም ሥር የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ፤ ልጁ ሊወጣ ሲል ደግሞ በታች በኩል ያለውን ነርቭ የሚያደነዝዝ መርፌ አለ፤ ይህኛው ከጀርባሽ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ አንድ ሌሊት ስለማልረሳ ነው። ከዓመታት በፊት ተረኛ ሳለሁ አንዲት እናት ከከተማው ዳር በባጃጅ መጣች። ምጧ ገፍቶ ነበር፤ ጥቂት እንደቆየች የልጇ የልብ ምት ወረደና አልመለስ አለ። ቶሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባን። የሰመመን ባለሙያው ለመርፌው አስቀምጦ ጋውኗን ከኋላ ሲፈታው፣ ከማጅራቷ ሥር እስከ ወገቧ የወረደ ቀጥ ያለ ጠባሳ አገኘ። ሁላችንም ዝም አልን። «ብረቱ የት ድረስ ነው?» ብሎ ጠየቃት። አታውቅም። ራጁስ? ቤት፣ ፍራሽ ሥር። በክትትል ካርዷ ላይ ስለ ጀርባዋ አንድም ቃል አልተጻፈም፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ ሆዷን የለካ ሁሉ ጀርባዋን አላየም። ጊዜ ስላልነበረ ሙሉ ሰመመን ተሰጣት፤ ልጁ አለቀሰ፣ እርሷ ግን የልጇን የመጀመሪያ ለቅሶ አልሰማችም። በማግሥቱ ባሏ ራጁን ይዞ መጣ። መስኮቱ ላይ ዘርግተን አየነው፤ ብረቱ ሁለተኛው የወገብ አንጓ ላይ ነበር ያበቃው። ከሥሩ ያሉት ክፍተቶች ምንም አልተነኩም። በሰመመን ባለሙያው አልፈርድም፤ በዚያች ደቂቃ በእጁ ያለው መረጃ ጠባሳው ብቻ ነበር። ሙሉ ሰመመንም ሕክምና ነው። ነገር ግን ነፍሰ ጡር ሴት ስትሆን የአየር መተላለፊያዋን መያዝ ይበልጥ ያስቸግራል፤ ከጨጓራዋ የተመለሰ ነገር ወደ ሳንባዋ የመግባት ስጋትም አለ። ሌላ መንገድ ሲኖር ሌላውን የምንመርጠው ለዚያ ነው።

ስለዚህ የአንቺ ራጅ ከፍራሽ ሥር ይውጣ። የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያ ወረቀት ፈልጊ፤ ላዩ ላይ «ከቲ 4 እስከ ኤል 2» ዓይነት ጽሑፍ አለ። ቲ የደረት፣ ኤል የወገብ አንጓ ማለት ነው፤ አንቺ የምትፈልጊው የኋለኛውን ቁጥር ነው። ወረቀቱ ከጠፋ የታከምሽበትን ሆስፒታል በላከሽ ተቋም በኩል ጠይቂ። ራጁን በብርሃን ፊት አቁመሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ለባልሽም ላኪለት። አዲስ ራጅ አሁን ካላስፈለገ አይነሣ፤ የግድ ከሆነ ግን አንድ የወገብ ራጅ ለልጁ የሚያደርሰው ጨረር አነስተኛ ነውና አትሸበሪ። ከዚያም 28 ሳምንት ሳይሞላሽ አንድ የሰመመን ባለሙያ በቀጠሮ ይይሽ። በብዙ ቦታ የተለመደ ስላልሆነ «ለምን?» ይሉሽ ይሆናል፤ ሐኪምሽ የላኪ ወረቀት እንዲጽፍልሽ ጠይቂ፣ አትፈሪ። ሲያይሽ ጀርባሽን ዳስሶ ሐሳቡን ክትትል ካርድሽ ላይ በጽሑፍ ያስቀምጠው። ሌሊት ስትመጪ የሚቀበልሽ ሌላ ሰው ነውና በቃል የተነገረ ነገር አይደርሰውም።

ሳንባሽን ልጠይቅሽ። ጥምዙ በደረት ላይ በጣም የከፋ ከነበረ፣ ምናልባትም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ራስሽ ላይ ቀለበት ታስሮ ለሳምንታት ጀርባሽ በክብደት ተስቦ ከነበረ፣ የሳንባሽ አቅም ከሌላው ያነሰ ሊሆን ይችላል። እርግዝና ሰውነት የሚፈልገውን ኦክስጅን በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የሳንባውን ወለል ደግሞ ወደ 4 ሴንቲሜትር ወደ ላይ ይገፋዋል። እኛ ደግሞ የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አራተኛ ፎቃችሁ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ከማርገዝሽ በፊት ደረጃውን ሳታርፊ ትወጪው ነበር? አሁንስ ስንት ጊዜ ትቆሚያለሽ? ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመሽ የምታለከልኪ ከሆነ፣ ጠፍጣፋ መተኛት ካቃተሽ፣ የሳንባ አቅም መለኪያና የልብ አልትራሳውንድ አሁኑኑ ያስፈልግሻል። ማለክለክ በእርግዝና የተለመደ ነው ብሎ የሚመልስሽ ካለ ጀርባሽን አሳዪው።

የጀርባ ሕመም ሊኖርሽ ይችላል፤ በተለይ ብረቱ ዝቅ ብሎ ካበቃ፣ ከሥሩ የቀሩት ጥቂት አንጓዎች የመተጣጠፉን ሥራ ሁሉ ስለሚሸከሙ ወደ መጨረሻዎቹ ወራት ይበረታል። ሕመሙ ያሠቃያል እንጂ ብረቱ ተሰበረ ማለት አይደለም። በጎንሽ ተኝተሽ በጉልበቶችሽ መካከል ትራስ አድርጊ። ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክመሽ አራት ፎቅ መውጣቱ ይቅር፤ ይህን ለባልሽ እኔ አዝዣለሁ በዪው። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን አትውሰጂ፤ በተለይ ከ20 ሳምንት በኋላ የልጁን ኩላሊትና የሽርት ውኃውን ይጎዳሉ፤ ፋርማሲ ገብተሽ «ለወገብ» ስትዪ መጀመሪያ የሚዘረጋልሽ ብዙ ጊዜ ዲክሎፌናክ ነው። ወጌሻም ጀርባሽን አይንካው፤ የተያያዘ አጥንት በእሽት አይላላም።

በሌላው ክትትልሽ እንደ ማንኛዋም እናት ነሽ። የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒንሽን በየቀኑ ውሰጂ፤ 24 ሳምንት ሳይሞላሽ አልትራሳውንድ ተነሺ። ሰውነቷ አጠር ያለ ሴት ሆዷ ቶሎ ጎልቶ ስለሚታይ ከላይ በሜትር የሚለካው ቁመት ሊያሳስት ይችላል፤ ለአንቺ የአልትራሳውንዱ ልኬት ይበልጥ ያስፈልግሻል። እግርሽ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ በመቀመጫሽ አካባቢ ስሜት ከጠፋብሽ፣ ሽንትሽን መቆጣጠር ካቃተሽ፣ ወይም ጀርባሽ እያመመሽ ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ። እየመጣ የሚሄድ የወገብ ሕመምም ያለ ጊዜው የመጣ ምጥ ሊሆን ይችላል፤ «የብረቱ ሕመም ነው» ብለሽ እንዳታልፊው። ከኮዬ ፈጬ እስከ ሆስፒታል ያለውን መንገድ ታውቂዋለሽ፤ መኪና ያለው ጎረቤት ካሁኑ ይነገረው፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907ም በባልሽ ስልክ ላይ ይመዝገብ።

ምጡ ሲመጣ በጀርባሽ ተንጋለሽ ብቻ እንድታምጪ የሚያስገድድሽ ነገር የለም። የተያያዘ ጀርባ አይጎብጥም፤ «አገጭሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ ጎበጥ በዪ» ሲሉሽ የማይሆንልሽ ሰንፈሽ አይደለምና ለአዋላጇ አስቀድመሽ ንገሪያት። በጎን ተኝቶ ወይም ተንበርክኮ ማማጥ ለአንቺ ይመቻል። እናቶቻችን ተንበርክከው ይወልዱ ነበር።

«ልጄስ?» ላልሽው፣ ምክንያቱ ያልታወቀው የጉርምስና ዓይነት በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ዝንባሌ አለው። እናት ካለባት በልጅ ላይ የመታየቱ ዕድል ከመቶ አሥር ገደማ ነው፤ ዘጠናዎቹ ነጻ ናቸው። ከሚታይባቸውም ውስጥ ለቀዶ ሕክምና የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። በእርግዝናሽ ወቅት የምታደርጊው ወይም የምትተዪው ነገር ይህን አይለውጠውም። ልጅሽ አሥር ዓመት ሲሞላው ልብሱን አውልቆ ወደ ፊት እንዲያጎነብስ እያደረግሽ ጀርባውን በዓመት ሁለት ጊዜ እዪው፤ በአንድ ጎን ከፍ ያለ ጎድን ካየሽ ሳትዘገዪ አስመርምሪው። የአንቺን ጀርባ የሚያክል ሳይሆን ይደረስበታል። የጀርባቸው መጉበጥ በሳንባ ነቀርሳ የመጣባቸው እህቶች ይህን ካነበቡ፣ የእነርሱ ወደ ልጅ በዘር አይተላለፍም፤ መድኃኒቱን ጨርሰው መዳናቸውን ግን ከማርገዛቸው በፊት ያረጋግጡ።

ከወለድሽ በኋላ ስላለው ጊዜ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ይመጣል። አራስ ቤት ተጎንብሰሽ ልጅ አታጥቢ፤ ልጁን በትራስ ከፍ አድርገሽ ወደ ጡትሽ አምጪው። መቀነቱን ማሰር ትችያለሽ፤ እስትንፋስሽን እስኪይዝ ድረስ ግን አይጥበቅ። አንቀልባንም በሚመለከት፣ ልጅሽ አንገቱን ሲያጸና ማዘል ትችያለሽ፤ የተያያዘው አጥንትሽ ይችለዋል። የማይሆንልሽ አጎንብሶ ልጁን ወደ ጀርባ ማሻገሩ ነው። ለእርሱ ሰው ያስፈልግሻል። አንቺ ቀጥ ብለሽ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ፣ አማትሽ ልጁን ከኋላ ጀርባሽ ላይ ያስቀምጡልሻል፣ ጠፍሩን አንቺ ከፊት ታስሪያለሽ።